ምልክቱ ያልተቀየረው ሰባት

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የሒሳብ ትምህርት ጥናት ማለት ቢሮ ተቀምጦ መጻፍ ይመስለኝ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን የምልከታ ቅጽና መቅረጸ ድምፅ አስታቅፈው ፒክአፕ ላይ ጫኑኝ። «ልጅ ሒሳብ ሲሠራ ምን እንደሚያስብ ጅማ ቁጭ ብለሽ አታገኚውም» አሉኝ። አጋሮ ስደርስ አቧራው ፀጉሬን አሽብቶት ነበር።

ከረዳት ሌክቸረርነት እስከ ፕሮፌሰርነት በዚያው መንገድ ተመላለስኩ። በሊሙ፣ በሰቃ፣ በጎማ ወረዳዎች ያልገባሁበት ክፍል የለም ማለት ይቻላል። ልጅ ሲሳሳት ስህተቱ ከየት እንደመጣ ገና ሳየው እለያለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

ኩራቴ የበረደው እዚያው አጋሮ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ለምንሰጠው የክረምት ሥልጠና ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ በፈተና ልመርጥ ሄጄ ነበር። ጡረታ የቀረባቸው የስምንተኛ ክፍል መምህር፣ ጋሽ ጀማል፣ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ሃያት የምትባል ጎበዝ ልጅ አለችኝ። አባቷ ከዚህ በኋላ የቡና መጋዘኑን ትጠብቅ ብሏል። እናንተ ከወሰዳችኋት ግን ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ ቃል ገብቶልኛል» አሉ።

ከፈተናው በፊት ሲያስተምሩ ተከታተልኩ። እንግዳ ስላለ ነው መሰለኝ ተቻኮሉ። ነጌቲቭ ሰባትን ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ሲያሻግሩ ምልክቱን ሳይቀይሩ ቀሩ። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ፈተናው ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ነበር። ልጆቹ በሙሉ ሰባትን እንዳለ አሻገሩት፣ ሃያትም ጭምር። ለማለፍ ሁሉንም መመለስ ግድ ስለነበር፣ ያቺን ጥያቄ የሳተ አያልፍም። ሌላውን ሁሉ አግኝታ በዚህ መውደቋ አናደደኝ።

ከፈተና በኋላ ልጁን እንዴት እንዳሰበ መጠየቅ የሙያችን ደንብ ነው። በረንዳ ላይ ጠራኋት።

«ይሄን ለምን እንዲህ ሠራሽው?»

«መምህራችን እንደዚያ ስለሠሩት።»

«ትክክል ነው?»

«አይደለም።»

ክው አልኩ። «እያወቅሽ?»

«ሁላችንም እናውቃለን፣ ወላሂ! እርስዎ ማታ ይሄዳሉ። እሳቸው ግን የኛ ናቸው። እንግዳ ፊት እናዋርዳቸው?»

«ዕድልሽ እኮ ነው የሚያመልጥሽ!»

«ያምልጠኛ!» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ጋሽ ጀማል በሩ ላይ ቆመው ሰምተው ኖሯል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሃያትን ይዘው ክፍል ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ተሳስቻለሁ። ማነው የሚያርመኝ?» አሉ።

አንድም እጅ አልወጣም። ጠመኔውን ለሃያት ሰጧት። ሰሌዳው ፊት ቆማ ወደ እኔ ዞረች።

«ፕሮፌሰር፣ አንዴ ይውጡልን።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ከክፍል ያስወጣኝ ሰው አልነበረም። ቅጼንና መቅረጸ ድምፄን ሰብስቤ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። መጀመሪያ የጠመኔው ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሳቅ። ከሁሉም የሚጎላው የጋሽ ጀማል ነበር።

ለሁሉም አዲስ ጥያቄ ሰጠሁ፤ ጋሽ ጀማልም እኔም ውጭ ቆመን ጠበቅን። ሃያት አለፈች።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ልጅ ሲሳሳት፣ ስሌቱን ከመመርመራችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ ማን እንደነበረ ጠይቁ።