በቴሌቪዥን የታሰረው ኒካህ

ራዊያ ታሂር በቴሌቪዥን የተዳረችው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ቆቦ ላይ የአራጌ ሻይ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ድራማው ድጋሚ የሚታይበት ሰዓት ስለሆነ ባጃጅ ነጂው፣ ሽንኩርት ነጋዴው፣ ከዋጃ ለጉዳይ የመጣው ሁሉ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። በድራማው ውስጥ የሙሽሪት አባት «ልጄን ድሬልሃለሁ» አለ፤ ሙሽራው «ተቀብያለሁ» አለ፤ ሁለት ምስክሮች ቁጭ ብለው ሰሙ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሻይ ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋና «አሚን» አለ። ሌላ አገር ሰው ድራማ ሲያይ ይስቃል ወይ ያለቅሳል፤ ቆቦ ላይ ግን ዱዓ እየሰማ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ከየት ይመጣል? ክርስቲያኑ አራጌ እንኳ ሻይ መቅዳቱን ትቶ አሚን ብሏል።

ሰዉ ፊቱን በእጁ ዳብሶ ሳይጨርስ አንዱ «ቆይ ቆይ፣ ይቺ የታሂር ልጅ እኮ ናት፣ ዳርናት ማለት ነው እንዴ?» አለ። ታሂር ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን የሚያሽከረክረው ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ነው። ሁሉም ዞሮ አየው። እሱ አንገቱን ደፍቶ የያዘውን ሱሪ መስፋቱን ቀጠለ።

ለምን ቀና እንዳላለ ድፍን ቆቦ ያውቃል፤ ለማያውቅ ግን ከስሩ መንገር ይሻላል። ራዊያ ለታሂርና ለሀሊሜ አንድ ልጅ ናት። ገና ጥርሷን ሳትነቅል ጀምራ ሰው ታስመስላለች። «ሮቢት! ወልዲያ!» እያለ የሚጮኸውን የሚኒባስ ረዳት፣ ሱሪ አጠረብኝ ብሎ የሚነታረከውን ደንበኛ፣ ሲያነጥሳቸው መነጽራቸው የሚወድቀውን መምህር፣ ማንንም አትምርም። ታሂር መኪናውን አቁሞ እንባው እስኪፈስ ይስቅና «እስኪ ደግሞ ያን ሰውየ አድርጊልኝ» ይላታል። የመጀመሪያ ተመልካቿ እሱ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባም የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ተውኔት ከጻፈችው እሷ፣ ከመራችው እሷ፣ ከሁሉ በላይ የጮኸችው እሷ ናት።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ግን አንድ ነገር አበላሸች። ታሂር ልጄ አካውንታንት ልትሆን ነው ብሎ ሱሪ ላሳጠረ ሁሉ ሲያወራ ከረመ። እሷ የተመዘገበችው ቴአትር ጥበባት ነው። ለእረፍት በመጣች ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ደስታውን ስታይ ሌላ ወሬ ታነሣለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ዋሸችው። ከዕለታት አንድ ቀን በአራጌ ቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ መጣ፤ ራዊያ የማታውቀውን ወንድ ሸሚዝ እያጠበች ትዘፍናለች። የሰፈሩ ሰው «ታሂር፣ አካውንታንቷ ልብስ አጣቢ ሆነች እንዴ?» ብሎ ተሳሳቀ።

ታሂር ሙያዋን የጠላ እንዳይመስላችሁ። ያቃጠለው ውሸቷ ነው፤ የሰው መሳቂያ ሆኖ መክረሙ ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ሁሉም እየሰማው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ራዊያ የምትባል ልጅ የለችኝም» አለ። ታሂር ደግሞ አንዴ ከአፉ የወጣውን የማያጥፍ ግትር ነው። ሰባት ዓመት ስሟን አልጠራም።

አዲስ አበባም እጇን ዘርግታ አልተቀበለቻትም። በመጀመሪያው ፊልሟ የተሰጣት የአስከሬን ቦታ ነው። ነጠላ ተሸፍና ስትቀረጽ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አርፋ ተንሸራሸረች፤ ራዊያ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ አስተናጋጅ ሆነች፤ በአራት ፊልም «ምን ልታዘዝ?» ብላ ጠፋች። አንዱ አዘጋጅ «አነጋገርሽ አገርሽን ያሳብቃል፣ አስተካክይው» ስላላት መስታወት ፊት ቆማ ምላሷን እንደ አዲስ አበቤ ገራችው። የተገራው ምላስ በኋላ ጉድ ሊሠራት ነበር። ለአንድ ተከታታይ ድራማ ከራያ፣ ከነቆቦ አገር፣ የመጣች ሴት የምትጫወት ሲፈለግ ሄደች፤ «በአገርሽ ተናገሪ» ሲሏት ከአፏ የወጣው የቦሌ ልጅ ነው። አፍራ ወጣችና እናቷ ጋ ደወለች። «እማየ፣ ዝም ብለሽ አውሪልኝ፣ ስለ ምንም ይሁን» አለቻት። ሀሊሜ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጎረቤት ግመል፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም አንድ ሰዓት አወራች። በማግስቱ ራዊያ ተመልሳ ገባችና ዋናውን ቦታ አገኘች፤ አራጌ ሻይ ቤት የሚታየው ድራማ ይኸው ነው።

ስም አወጣች፣ ሰው መንገድ ላይ ያስቆማት ጀመር። ግን ሆዷ ሙሉ አልነበረም። በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ ቆቦን የሚያውቅ ሁሉ በጭንቅ በከረመበት ጊዜ እህል ውሃ አላሰኛትም ነበር። ስልኩ በተከፈተ ዕለት እናቷ «ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ» አለቻት። «አባየስ?» «ይኸው አጠገቤ ነው።» ስልኩ ሲቀባበል ተሰማት፤ ከዚያ የአባቷን ትንፋሽ ሰማች፤ ከዚያ ተዘጋ። ሽልማት ስትቀበል እንኳ ያን ያህል አላለቀሰችም። የጎደላት አንድ ነገር ነው፦ አባቷ ልጄ እንዲላት።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ያ ኒካህ የመጣው። አሚን የተባለበት ቀን ሳይመሽ ቆቦ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ድራማ አይደል እንዴ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ኒካህ በቀልድም ቢሆን ይጸናል፣ ቃሉ ተብሏል፣ ምስክር አለ፣ እኛም አሚን ብለናል፣ ወላሂ ሚስቱ ናት» ብሎ ይምላል። ሀሊሜ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

«ልጄ፣ አግብተሻል አሉኝ» ብላ ደወለች።

ራዊያ መጀመሪያ ሳቀች፤ እናቷ ስታለቅስ ስትሰማ ግን ሳቋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። ሙሽራውን የተጫወተው ዒምራን አጠገቧ ነበርና ስልኩን ተቀበላት። የደሴ ልጅ ነው፣ ነገሩ ገብቶታል። «እትየ፣ ካስፈለገ ፈትቻታለሁ ልበል?» አለ።

«ዝም በል አንተ! ሳትጋጩ ደግሞ ፍቺ ምን አመጣው?» አለችው ሀሊሜ። የድራማው አዘጋጅ በበኩሉ በሚቀጥለው ክፍል ላፋታችሁ አለ። ይብስ ተወሳሰበ። በመጨረሻ ሀሊሜ «ሸህ ሰላሁዲን ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይፈርዳሉ፣ ነይ» አለቻትና ራዊያ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ቆቦ ተሳፈረች።

የሸሁ ቤት ሰው አልበቃውም። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃ ወዲያ ተቀምጠዋል። ራዊያ ከእናቷ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ሆና በቀዳዳ ስታይ አባቷን በሩ ጥግ አየችው። ሸሁ ጠርተውት ነው የመጣ፤ የሸሁን ጥሪ እምቢ የሚል የለም። ጢሙ ሸብቷል።

«ራዊያ» አሉ ሸሁ፣ «በድራማው ለሙሽራው የሰጠሽ ማን ነው?»

«ጋሽ አለሙ የሚባሉ ተዋናይ ናቸው፣ ሸሆቹ። አባቴን ሆነው የሚጫወቱት።»

«ዘመድሽ ናቸው?»

«ኧረ አይደሉም። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው።»

ሳሎኑ ሳቀ። ሸሁ አልሳቁም። «ሴት ልጅን የሚሰጥ አባቷ ነው። አባት እያለ፣ አልሰጠሁም ካለ፣ ኒካሁ ኒካህ አይደለም፤ ድራማው ድራማ ሆኖ ይቀራል፣ ልጅቷም ነጻ ናት። አባት ከሌላት ግን አልሰጠሁም የሚል የለምና ነገሩን ሌላ ጋ መፈለግ ሊኖርብን ነው» አሉ። ሳሎኑን ዙሪያውን አዩና «የዚች ልጅ አባት አለ?» ብለው ጠየቁ።

በረንዳው ላይ የተባለውን ያልሰማ እዚያ አልነበረም። ሸሁ አባቷ ማን እንደሆነ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ይቺን ጥያቄ ሲያዘጋጁ የከረሙ ሰው ናቸው። ማንም ወደ ታሂር ለመዞር አልደፈረም። ራዊያ የእናቷን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ዝም ቢል ምን እንደምትሆን አላወቀችም፤ ከዚህ በኋላ በየትኛው አፏ አባቴ ትለዋለች?

ታሂር ጉሮሮውን ጠረገ። «አለ» አለ።

«ማነው?»

ተነሣ። «እኔ ነኝ። ራዊያ ልጄ ናት። ለማንም አልሰጠኋትም።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ ሸሁ። «እንግዲህ አልተዳረችም፣ ተነሡ» አሉና ሰዉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ታሂር ግን አልተቀመጠም፣ አልወጣምም። ወደ መጋረጃው ዞሮ ቆመ። አፉ ሲፈታ ሰባት ዓመት የታመቀው ሁሉ በንዴት መልክ ወጣ።

«ያ አለሙ የምትሉት ሰውየ ደግሞ አባት መሆን አይችልበትም» አለ። «ልጁን ሲድር ዓይኑ እንኳ እንባ አላቀረረም። በፊተኛው ክፍል ስትታመምም ከበር ላይ ሰላም ብሎ ነው የሄደ። ያች እንባዋን እየዋጠች፣ እሱ ሰዓቱን ያያል!»

ሸሁ ገረማቸው። «ድራማውን ታየዋለህ እንዴ፣ ታሂር?»

«ከበረንዳየ ሆኜ፣ አንድም ክፍል አምልጦኝ አያውቅ» አለ፤ ይሄኔ ራዊያ መጋረጃውን ገልጣ ወደ አባቷ ወጣች።