እሷ ካልተነሳች አልነሳም

ወንድሜ ፎቶ አንሺ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት አይቶ አልጠገበም። ሚስት ያላገባው «ጊዜ አጣሁ» ብሎ ነው፤ ጊዜ አጣሁ ይበል እንጂ ለአንዲት ጉርድ ፎቶ ግማሽ ሰዓት ሰው ሲያናግር ይቆያል። እኔ ታናሽ እህቱ ባንኮኒው ላይ ነኝ። ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ፎቶ እቆርጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ ከእሱ ጋር እጨቃጨቃለሁ። የመጨረሻውን በነፃ ነው የምሠራው።

የወንድሜ ስም የወጣው ግን በጎደለ ሰው ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲነሳ የሚቀር ሰው አይጠፋም፤ ባሕር ማዶ የሄደ ልጅ ይሁን የሞተ አባት፣ ከአሮጌ ፎቶ ላይ ቆርጦ መሃላቸው የሚያስገባላቸው እሱ ነው። ድሮ በመቀስና በሙጫ ነበር፣ አሁን በኮምፒውተር። ታዲያ አሮጌውን ፎቶ ተቀብሎ ዝም አይልም። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ ማዘዣ ደብተሩን ከፍቶ ምርመራ ይጀምራል። «ሲቆም እጁን ኪስ ይከታል? ማን አጠገብ መቆም ይወድ ነበር? ሲስቅ ጥርሱ ይታያል?» ይህን ሁሉ ጠይቆም አንዴ አንዱን ሙሽራ ባለ ሦስት እጅ አድርጎታል። ሟች አባቱን ከጎኑ ሲያስገባ አንድ እጅ ተርፎት ልጁ ላይ ቀረ። እኔ አፍሬ የምገባበት ሲጠፋኝ፣ የሙሽራው እናት «ልጄ ድሮም ሥራ ወዳድ ነው» ብላ ሳሎኗ ውስጥ ሰቀለችው። እስከዛሬ አለ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ነው ልጄ ጉድ ያፈላችብኝ።

ስድስት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ የሚያበቃው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፎርሙ ተሞልቷል፣ የቀረን ሁለት ጉርድ ፎቶ ብቻ። ያ ካልደረሰ ዓመቱን ሙሉ ባንኮኒ ሥር ተቀምጣ ልትውልልኝ ነው። ፎቶ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ ፎቶ አጥታ ከትምህርት ቀረች ቢባል የት እገባለሁ? እሷ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ችክ ብላለች፦ «እሷ ካልተነሳች አልነሳም።»

«እሷ» ማለት የማትታየው ጓደኛዋ ናት። ከዓመት በላይ አብራን ኖራለች፣ ኪራይ አትከፍልም። ልጄ ባንኮኒው ሥር ገብታ ከእሷ ጋር ስትንሾካሾክ ትውላለች፤ አልጋ ላይ በግድግዳው በኩል ቦታ ትተውላታለች። ለእሷም ሳህን አቅርቢ ስትለኝ ደሜ ፈልቶ «ለሌለ ሰው ሳህን አላጥብም!» ብዬ ጮኼባታለሁ። ሐኪም ዘንድም ወስጃታለሁ። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ «ጤነኛ ናት። ልጆች እንዲህ ሰው ይፈጥራሉ፤ የጎደላቸውን ነገር ይጫወቱታል» አለኝ። ምን ጎደላት ብሎ ነው? ጫማ አላት፣ ሹራብ አላት፣ አሥራ ሁለት ቀለም ያለው እርሳስ አላት! ተቆጥቼ ወጣሁ፤ በሩንም ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ነው የዘጋሁት።

ለማንኛውም ያን ቀን በግድ ጎትቼ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መብራቶቹ ፊት አስቀመጥኳት። አግዳሚ ወንበሩ ሁለት ሰው ይይዛል። ልጄ ጫፉ ላይ ተለጠፈችና ሌላውን ቦታ ባዶ ተወችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ወደ መሃል! ቀና በይ! ካሜራውን እዪ!» ጮህኩ።

«ቆይ እስቲ አንቺ» አለ ወንድሜ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። ወይ ጣጣ፣ አልኩ በሆዴ።

«የጎደለ ሰው ማስገባት ሥራዬ ነው» አላት ልጄን። «አሮጌ ፎቶ አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያው ትነግሪኛለሽ። ልጅ ናት ትልቅ ሰው? እንዳላጠፋ ነው፤ አንቺ ልበላት አንቱ?»

«ትልቅ ሰው ናት። ግን አንቺ ብትባል አትቆጣም።»

እኔ እስከዛሬ እኩያዋ ትመስለኝ ነበር። «ወንድም ጋሼ! ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው እኮ!» አልኩ መጥረጊያዬን ወለሉ ላይ እየመታሁ። እሱ ምንም አልመሰለውም።

«ቁመቷስ?»

«እንደ እማዬ።»

«ፀጉሯ?»

«እንደ እማዬ። ወደ ኋላ የታሰረ።»

«ምን ለብሳለች?»

«አረንጓዴ ሹራብ። ክርኑ ላይ የተጣፈ።» ክርኔን በእጄ ሸፈንኩ። «እዚህ ጋ ደግሞ ጠባሳ አላት» ብላ አገጯን ነካች፤ እኔም ሳላውቀው አገጬን ነካሁ።

ወንድሜ መጻፉን አቆመ። «ይቺማ እናትሽ ናት።»

«አይደለችም!» ብላ አፈጠጠችበት። ቁጣዋ እንኳ የእኔ ነው።

«እሺ፣ አይደለችም። ታዲያ እንዳላምታታቸው ልዩነታቸውን ንገሪኛ።»

«እሷ ትቀመጣለች።»

ወንድሜ «ትቀመጣለች» ብሎ ጻፈና ቀና አለ።

«እማዬ ሁልጊዜ ቆማ ነው» አለች ልጄ፣ አጎቷ ስላልገባው አዝናለት ቀስ ብላ እያስረዳችው። «ቆማ ትበላለች። ቆማ ፀጉሬን ታስረዋለች። አንድ ነገር ልንገርሽ ስላት ቆማ እሺ ንገሪኝ ትላለች፤ ከዚያ ሰው ይጠራታል። እሷ ግን ትቀመጣለች። እስክጨርስ።»

ክው አልኩ። ምን ጊዜ ኖሮኝ ልቀመጥ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ይህንንም ልናገር የነበረው ቆሜ፣ መጥረጊያ ይዤ ነው። ልጄ እኔኑ መልሳ ፈጥራኝ፣ ከእኔ ተደብቃ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ለካ ሳህን የከለከልኩት ለራሴ ኖሯል። እውነቴን ነው የምናገረው፣ በዚያች በሌለች ሴት ቀናሁ።

«አንቺ» አለኝ ወንድሜ። «መጥረጊያውን አስቀምጪና ሂጂ ተቀመጪ።»

«ጉርድ ፎቶ እኮ ነው! ሁለት ሰው አይገባበትም!»

«እቆርጠዋለሁ። ተቀመጪ ብያለሁ!»

ወንድሜ ሲቆጣ በሕይወቴ ያየሁት ያኔ ሦስተኛዬ ነው። ተቀመጥኩ። ልጄ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ካሜራውን አየች። ፎቶ ተነሳን።

ወንድሜ ፎቶውን አትሞ ቆረጠው። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ጠርዙ ላይ የአረንጓዴ ሹራቤ ትከሻ ቀረ።

«ይቺ ትከሻ የማን ናት ቢሉስ?» አልኩት ከተቀመጥኩበት።

«የእናቷ ናት እላቸዋለኋ» አለና ፎርሙን ከፎቶው ጋር በብብቱ ይዞ ተነሳ። በሥራ ሰዓት ፎቶ ቤቱን ጥሎ የማይወጣ ሰው! በሩ ላይ ዞር ብሎ «ብድግ እንዳትዪ!» ብሎኝ ሮጠ።

ልጄ ወሬዋን ጀመረች። ባንኮኒው ሥር ስላለችው ሸረሪት፣ ሸረሪቷ ስላላት ዘመድ፣ ዘመዷ ስላኮረፈችበት ምክንያት። እንዲህ ረጅም ነገር ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። መሃሉ ላይ ጠፋብኝ፣ ግን አላቋረጥኳትም። ትንፋሿን ስትስብ ጠብቄ በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

«እሷስ የት ሄደች?»

«ቦታዋን ለቀቀችልሽ።»

«ቅር አላት እንዴ?»

«አላላትም። ብድግ ስትዪ ትመለሳለች።»

ይህን እንዳለችኝ ባንኮኒው ተንኳኳ። «ኧረ ሰው የለም እንዴ?» አለ አንድ ደንበኛ። እግሮቼ ልማዳቸው ነውና ሊነሱ ቃጡ። ልጄ ወሬዋን አቋርጣ አየችኝ።

«አለ!» ብዬ ጮህኩ ከመጋረጃው ጀርባ። «አለ፣ ግን ተቀምጧል!»