ጁሀራና ስንዴያችንን ያነበበው ኮምፒውተር

ጁሀራ ከሊል ባሌ ሮቤ ውስጥ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ቢሮ ሰው ሳይሆን ኮምፒውተርን ራሱን ታስተምራለች። ጎረቤቴ ስለሆነች ሥራዋን ደጋግማ አስረድታኛለች፤ የገባኝን ያህል ልጻፈው። ገበሬዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚጽፉትን ኮምፒውተሩ ያነባል፤ ካነበበውም የትኛው ወረዳ ምን ያህል ምርት እንደሚጠብቅ ይማራል። ሲሳሳት የምታርመው እሷ ናት። የማጨጃ ኮምባይነር ባለቤቶች መኪናቸውን ወዴት እንደሚልኩ የሚወስኑት ይህን አይተው ነው።

ዘንድሮ በአጨዳ ሰሞን ኮምፒውተሩ የሲናና ወረዳ ስንዴ ደካማ ነው አለ። የቢሮው ኃላፊ መሳይ መረጃውን በማግስቱ ሊልከው አዘጋጀ። ከተላከ ኮምባይነሮቹ ወደ አርሲ መሄዳቸው ነው። የጁሀራ አባት ማሳ ያለው ሲናና ነው፤ ሰማዩም መጥቆር ጀምሯል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ካገኘው ዛላው ላይ እንዳለ በቅሎ ይበላሻል።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ዘንድ ሄደች። ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘቻቸው። ስንዴው ፍሬው ከብዶት አጎንብሷል። አዝመራው እንዴት ነው ብላ ጠየቀች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አቶ ከሊል። «ምን አለው ብለሽ ነው። ለዘር ከተረፈን ይበቃናል።»

ስንዴውን አየች፤ አባቷን አየች፤ ሳቋ መጣ።

«አባ፣ ቴሌግራም ላይም እንዲህ ብለው ነው የጻፉት?»

«ታዲያ ሞልቶልኛል ብዬ ልጻፍ? ዓይን የለም እንዴ?»

እኛ አገር የራሱን ማሳ የሚያሞግስ ገበሬ የለም። ጁሀራ ይህን እየሰማች ስላደገች ልብ ብላው አታውቅም። ኮምፒውተሩ ግን የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ አምኖ ተቀብሏል።

ተመልሳ ለመሳይ ስትነግረው አላመናትም።

«የአባትሽ ማሳ ስለሆነ ልብሽ አድልቶ ይሆናል» አላት።

«እኔን አትመን። ካቻምና የተጻፈውን እናስነብበውና ከተገኘው ምርት ጋር እናስተያየው።»

ተስማማ። ጁሀራ ምሳሌ እየሰጠች ኮምፒውተሩን እንደገና አስተማረችው፦ ሰው ስለ ራሱ አዝመራ የሚለውን ተወው፤ የሚፈልገውን አንብብ። ጆንያ የት ይገኛል የሚለውን፣ መጋዘን የሚያከራይ አለ ወይ የሚለውን፣ ኮምባይነር ቶሎ ላኩልን የሚለውን። ማሳው ባዶ የሆነ ሰው ጆንያ ምን ያደርግለታል?

የካቻምናው ንባብ ከካቻምናው ምርት ጋር ገጠመ። የዘንድሮውን ሲያስነብቡት ሲናና ከሁሉም በላይ ወጣ። መሳይ የቀድሞውን አጥፍቶ አዲሱን ላከ።

ኮምባይነሮቹ አቧራቸውን እያቦነኑ ወደ ሲናና ሲገቡ እኔም መንገድ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ሴቶች እልል አሉ። ዝናቡ የመጣው የመጨረሻው ማሳ ታጭዶ፣ እህሉ ጣራ ስር ከገባ በኋላ ነበር፤ ባዶ ገለባ መታ።

አቶ ከሊል እስከ ጣራው የተደረደረውን ጆንያ ተደግፈው ስልካቸውን አወጡና ለገበሬዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ጻፉ፦ «ዘንድሮም እንደ ነገሩ ነው።»

ኮምፒውተሩ አነበበው። የሲናናን ቁጥር ግን አልነካም።