ሽቦ የሚሸከመው ሰንሰለት

ቦሳ አዲስ ሰፈር ወዳለው የቡና ማበጠሪያ፣ የማሽኑን የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሸከም የፕላስቲክ ሰንሰለት ሊገጥሙ የመጡት ሽማግሌ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ካመጧቸው ሦስት ሰንሰለቶች ሁለቱን አጠፍ አድርገው አዩና ወደ ጎን አስቀመጧቸው።

«እነዚህ ሲታጠፉ ጠባብ ናቸው፤ ማሽኑ በተመላለሰ ቁጥር ሽቦውን ይሰብሩታል።»

ከዚያ አሮጌውን ሽቦ ከማሽኑ ላይ አንስተው ለሠራተኛዋ ለፊርዶስ አሳዩዋት። ልባሱ ተፍቆ መዳቡ ገጥጧል።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ትደገፊ ነበር?»

ፊርዶስ ክው አለች። ትናንት እንኳ እርጥብ እጇን ያሳረፈችው እዚያው ላይ ነው።

«በየቀኑ! ያ አላህ! ማንም እኮ አልነገረኝም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሦስተኛውን ሰንሰለት በብሎን እያጠበቁ፣ ቀና ሳይሉ መለሱላት።

«ለሟች ልጄም የነገራት አልነበረም።»