ዝክር የለመደ ቀበሮ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኦክላንድ ቤቴ ውስጥ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

ጓሮዬ ውስጥ አምስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሩኝ። አንድ ቀበሮ ሁለቱን ቀረጠፋቸው። ቀበሮ ስላችሁ የአገር ቤቱ እንዳይመስላችሁ፤ ይሄኛው ግራጫ ነው፣ ዛፍ እንደ ድመት ይወጣል። ሲያየኝ ደግሞ አይሮጥም! እንደ አከራይ እየተጎማለለ ነው የሚያልፈው።

መብራት ሰቀልኩ፤ ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ጫማ ወረወርኩ። የአንዱ እግር ጫማ እስካሁን አልተገኘም። በመጨረሻ ሲቲ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ፣ ኮል አደረግኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ፣ «አጥምዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ ክልክል ነው። ግን የሚመግበው ሰው ይኖራል፤ ምግቡ ከቆመ ራሱ ይሄዳል» አለችኝ።

መጋቢውንማ አውቀዋለሁ! ጎረቤቴ ዴቭ የውሻውን ሳህን በረንዳ ላይ ነው የሚተወው። ሦስተኛዋ ዶሮ ስትበላ ደሜ ፈላ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ሰፈሩ እስኪወጣ ድረስ፣ «ዶሮዎቼን የጨረስካቸው አንተ ነህ!» ብዬ ጮህኩበት።

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ የበረንዳ ካሜራው የቀረጸውን ከፈተልኝ።

ጎህ ሲቀድ ነጠላ የለበሱ ሴት ከእኔ ቤት ወጡ፤ ከአጥሩ ሥር የዳቦ ፍርፋሪ በተኑ፤ አማትበው ገቡ። አማቴ ናቸው! ወዲያው ያ ቀማኛ መጥቶ፣ የውሻውን ሳህን ዞሮም ሳያይ፣ አንድ በአንድ ለቀመው።

ኩምሽሽ ብዬ ቤት ገባሁ።

«እማማ፣ ቀበሮውን የሚቀልቡት እርስዎ ነዎት?»

«የምን ቀበሮ? ለወፎች ነው እንጂ! የሚካኤል ዝክር ነው፤ ታዲያ ቆሻሻ ውስጥ ልጣለው?»

«ዶሮዎቹ አለቁ እኮ!»

«በረከት ከሚረገጥ ዶሮ ይለቅ!»

አማቴን ተከራክሮ የረታ ሰው ገና አልተወለደም። ወሩ ሠላሳ ቀን ነው፤ የእሳቸው ዝክር ግን ሠላሳ አንድ። እንደ ምንም ተስማማን፦ የሚተርፈውን ሁሉ እኔ ልበላ፣ ፍርፋሪ ሳላስቀር።

ቀበሮው ጥቂት ቀን እያሸተተ ተመላልሶ ጠፋ። ሁለት ዶሮዎች ተርፈዋል። እኔ ግን የቀበቶዬ ቀዳዳ አልቆብኛል።

ያን ሌባ ዛሬም ባገኘው አልምረውም። ዴቭን ግን የበደልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ እንቁላል ይዤ በሩ ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳላንኳኳ ተመልሼ እንቁላሉን ጠብሼ በላሁት። ለስድብ አጥር የዘለለ ምላሴ፣ ለይቅርታ ሲሆን ደፍም አልዘለለ።