በኖፓ የነቀልኩት ሽቦ

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸው ሌሎቹን ኃጢአቶቼን፣ ትንንሾቹን፣ እየቆነጠርኩ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ይኼኛውን ግን በየጊዜው ምላሴ ላይ ሲደርስ ዋጥኩት። አሁን የምጽፈው ሚስቴ ስላወቀች ነው። እሷ ካወቀች በኋላ ከማን እደብቀዋለሁ?

እኔ መቱ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሌንሴ እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ስንጋባ እኔ ዲግሪ ነበረኝ፤ እሷ በዲፕሎማ እያስተማረች ዲግሪዋን በክረምት ትማር ነበር። ትምህርቱ ሲከብዳት ወደ እኔ ትመጣለች፣ እኔም አስረዳታለሁ። በዚያ ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ያለኝ ማስረዳቱ ነበር ወይስ እሷ ከእኔ በታች መሆኗ? መልሱን አውቀዋለሁ።

ልጃችን ሲፈን ገና ስትድህ አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ከመሬት ውስጥ የሚነሳውን ሞገድ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች በየክፍለ ሀገሩ ይተክል ነበርና ከኢሉባቦርም አንድ ቦታ ፈለገ። ርእሰ መምህሩ እኔንና ሌንሴን ጠርቶ አገናኘን። ሰውየው ከመኪና መንገድና ከወፍጮ የራቀ፣ ጸጥ ያለ ቦታ እንደሚፈልግ ሲነግረን እኔ ቶሎ ብዬ «ሶር ፏፏቴ አካባቢ» አልኩ። መኪና የለ፣ ወፍጮ የለ።

ሌንሴ ግን፣ «ውሃው ራሱ መሬቱን አይመታውም?» አለች። «ክረምት ሲሞላ ዳገቱ ላይ ቆመን እንኳ በእግራችን ይሰማናል። መሣሪያው ሶርን ብቻ ሲያዳምጥ ሊኖር ነው።»

ሰውየው በደስታ ሳቀ። «እርስዎ ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርተውታል እንዴ?» አላት። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፊዚክስ የተማርኩት እኔ። ሞገድ በአለት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው እኔ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ሌንሴ ስለ መሣሪያው እያወራች ነበር፤ እኔ እርምጃዬን አፍጥኜ ቀደምኳት።

መሣሪያው ከመቱ በሚኒባስ በሚደረስባት በኖፓ፣ በሌንሴ ወላጆች ግቢ ጀርባ፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ ተቀበረ። ጠባቂዋም እሷ ሆነች። ሥራው ብዙ አልነበረም፤ አልፎ አልፎ ሄዳ ሳጥኑን ትከፍታለች፣ ባትሪውን ታያለች፣ የፀሐይ ኃይል የሚሰበስበውን ሰሌዳ ትጠርጋለች፣ የተመዘገበውን የያዘውን ካርድ ቀይራ ትልካለች። ሌንሴ ግን በዚህ አልቆመችም። ተመራማሪውን እየጠየቀች የሞገዱን ምስል ማንበብ ተማረች። አንድ ቀን ተማሪዎቿን ሜዳ ላይ ስታስተምር በመስኮት አየኋት። በሰልፍ አቁማ የመጨረሻውን ልጅ ከኋላው ገፋ አደረገችው፤ ግፊቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈ ወዲያው ፊት ያለውን አንገዳገደው። ከዚያ እጅ ለእጅ አያያዘቻቸውና ወደ ጎን አወዛወዘቻቸው፤ ይኼኛው ዘግይቶ ደረሰ። «በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር መንቀጥቀጡ የተነሳው ከሩቅ ነው ማለት ነው» አለቻቸው። ልጆቹ ገባቸው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር እንዴት አልመጣልኝም? በሳምንቱ ክፍሌ ውስጥ ደገምኩት። የእሷ ነው ብዬ ግን አልተናገርኩም።

ይህን የሚሰማ ሰው በተመራማሪው ጠርጥሬያት የቀናሁ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የባል ቅናት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔ የቀናሁት በእሷው ላይ ነው፣ በገዛ ሚስቴ ዕውቀት። ከተመራማሪው ጋር በስልክ ተነጋግራ «የኖፓው ከሁሉም ጥርት ያለ ነው አለኝ» ስትለኝ «ጥሩ ነው» ብዬ ወሬውን እለውጣለሁ። ቆይቶ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ እንድትማር ሊያመቻችላት እንደሚችል ነገራት። «አንተ ደስ ካላለህ አልሄድም» አለችኝ። «ሂጂ እንጂ» አልኩ። አፌ እንደዚያ አለ።

ክረምት ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ አብረን ኖፓ ሄድን። ሳጥኑን ከፍታ ሁሉን አይታ፣ ጠርጋ ልትጨርስ ስትል አሟቸው የተኙት እናቷ ተጣሩ። «ክዳኑን ግጠምልኝ» ብላኝ ገባች። ብቻዬን ቀረሁ። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ከባትሪው የሚወጣውን ሽቦ ያዝኩት። ነቀልኩት። መብራቷ ጠፋች። ሽቦውን ራሱ የላላ እንዲመስል አስጠግቼ አስቀመጥኩትና ክዳኑን ገጠምኩ።

ምን ፈልጌ ነው? ያኔ ለራሴ ያልኩት፣ ካርዱ ሲታይ ጥቂት ባዶ ቀናት ይገኛሉ፣ ሰውየው ቅር ይለዋል፣ ማመስገኑን ይተዋል ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሄጄ እሰካዋለሁ ብዬም ነበር። አልሄድኩም። ዝናቡ መንገዱን ዘጋው ብዬ ላመካኝ እችል ነበር፤ ሚኒባሱ ግን ይሠራ ነበር።

ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ትምህርት ገና አልተዘጋም፤ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መስታወቱ ተንቀጫቀጨ፣ ተማሪዎች እየተጋፉ ወጡ። ማንም አልተጎዳም። ሜዳው ላይ አንዱ ሲያማትብ፣ ሌላው ዱዓ ሲያደርግ ሌንሴ ፊቷ በርቶ በመካከላቸው ወደ እኔ ስትሮጥ አየኋት። «ቅርብ ነው» አለችኝ። «ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ ተሰምቶኛል፤ መጀመሪያ ግፊቱ፣ ከዚያ ውዝዋዜው። የኖፓው ይዞታል።»

በዚያ ፍርሃት ውስጥ እንኳ ቀናሁ። እኔ ስፈራ እሷ ታዳምጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኖፓ ሄድን። ቀድሜያት ሳጥኑ ጋ ልደርስ ሞከርኩ፤ እሷ ግን ሮጠች። ክዳኑን አነሳችው። መብራት የለም። ሽቦውን በጣቷ ነካ ስታደርገው ወዲያ ወደቀ። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። እናቷ በሩ ላይ ቆመው «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?» ይላሉ፤ እሷ ግን እንባዋ እየወረደ ወደ እኔ ቀና አለች።

«ያን ቀን ስጠርግ ነካክቼው ይሆን?»

«ይሆናል» አልኩ።

ሽቦውን የነቀልኩት በቅናት ነው እንበል። ይህችን ቃልስ የተናገርኩት በምንድን ነው? እዚያው «እኔ ነኝ» ማለት ይቻለኝ ነበር። ለማለት አፌን የያዘኝ ሰው አልነበረም።

ካርዱ አዲስ አበባ ሲታይ ምዝገባው የቆመው እሷ በጠረገችበት ከሰዓት በኋላ ሆኖ ተገኘ። ለመንቀጥቀጡ ቅርብ የነበረው የኖፓው ብቻ ስለነበር የተነሳበትን ቦታ አጥርተው ማወቅ አልቻሉም። ተመራማሪው አልተቆጣም። «በማንም ይደርሳል» አላት፣ ለትምህርቱም እንድትመጣ ደግሞ ጠየቃት። እምቢ ያለችው ራሷ ናት። «አንድ ሽቦ መጠበቅ ያቃተው ሰው ምን ሊያጠና ይሄዳል» አለች። «አንቺ ካልሽ» አልኩ። መሣሪያውም ተነቅሎ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተወሰደ።

ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዓመታት ሌንሴ ሌላ ሰው ሆነች ብል ማጋነን ይሆናል። ትስቃለች፣ ታስተምራለች፣ ልጅ አሳድጋለች። በእጇ ግን አታምንም። ምድጃውን አጥፍታ ተመልሳ ታየዋለች። የተማሪዎቿን ውጤት ደምራ «እስቲ አንተም እየው» ትለኛለች። ስሕተት አግኝቼባት አላውቅም። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ መጠየቋ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም ልናዘዘው። በቅርቡ በአፋር በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥና ወሬው በየቤቱ ሲገባ ተማሪዎች ነገሩን እንድታስረዳቸው ጠየቋት። «የፊዚክስ መምህራችሁን ጠይቁ፤ የሚያውቀው እሱ ነው» ብላ ወደ እኔ ላከቻቸው። እኔም በሰልፍ አቆምኳቸው፤ የመጨረሻውን ልጅ ከኋላው ገፋ አደረግኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሲፈን ከዩኒቨርሲቲ ደወለች። የመሬት ሳይንስ ልታጠና ነው። ሌንሴ ደስ ብሏት መረቀቻትና መጨረሻ ላይ፣ «በርቺ ልጄ፤ እጅሽ ብቻ እንደ እኔ እጅ እንዳይሆን» አለቻት።

ስልኩን ዘግታ ሳትነሳ ነገርኳት። ሁሉንም።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ጭቃው ላይ ሳለቅስ ያነሳኸኝ አንተ ነህ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ትከሻዬን ይዘህ፤ አይዞሽ እያልክ።»

«አዎ።»

ይህን ከላይ አልጻፍኩትም። እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ ልደብቀው ነበር።

«ሽቦውንስ አንድ ቀን እተውልህ ይሆናል» አለች። «አይዞሽ ያልከኝን ግን እንጃ።» ልብሷን ይዛ ኖፓ፣ እናቷ ቤት ሄደች። ለሲፈን ራስህ ንገራት ብላኝ ነበር፤ ነገርኳት። ልጄ እስከ መጨረሻው ሰምታ ስልኩን ዘጋችው።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሷንም ገና አልጠየቅኳትም፤ በምን አፌ? ቅናት አሳወረኝ ብዬም አላመካኝም፤ ያን ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ደህና ያይ ነበር። ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይሆናል ያልኩትም እኔ ነኝ። አይዞሽ ያልኳትም እኔው ነኝ።