እጄን ያላወጣሁበት ቀን

ያ የመታሻ ቅባት ሽታ ዛሬም ካለሁበት ያቆመኛል። ባለፈው ሰሞን ጌዶ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ጥግ ይዘው ጉልበታቸውን ሲቀቡ ሽታው መጣብኝና የያዝኩትን ዘንቢል መሬት አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ እያለሁ ቤታችን አመሻሽ ላይ እንዲህ ይሸት ነበር። ቅባት፣ ላብ፣ እርጥብ ካልሲና የሜዳ ሣር አንድ ላይ። ታላቅ እህቴ ሌሊሴ ከልምምድ ስትመለስ እግሯን ጭኔ ላይ ትዘረጋና "ሀዊ፣ በደንብ እሺኝ፤ ነገ ጎል የማገባው በአንቺ እጅ ነው" ትለኛለች። እኔም አሻታለሁ። እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥራ ሁለት።

ሁለታችንም በትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን ውስጥ ነበርን። ነበርን ስል እሷ አጥቂ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ሰው ሲጎድል የምገባ። አሰልጣኛችን የስፖርት አስተማሪው ቲቸር ደሬሳ ነበር። የውጭ አገር ተጫዋቾች ሲለማመዱ ከስልኩ ላይ እያየ ደብተሩ ላይ ይስለውና ሜዳ ላይ ለእኛ እንዲሆን ያደርገዋል። እግር የሚያፈጥነውን የገመድ መሰላል ስላልነበረን በአመድ መሬቱ ላይ ያሰምርልናል፤ በየሳጥኑ አንድ አንድ እግር፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ በጎን። ክብደት ስላልነበረን ጀሪካን አሸዋ ሞልተን ቁጭ ብድግ እንሠራለን። አባታችን ወደ ነቀምት ለሚያልፉ መኪኖች ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ስለነበር ያለቀ ጎማ የሰጠን እሱ ነው። ጎማውን በገመድ ወገባችን ላይ አስረን ዳገቱን ስንጎትት ከሥራው ደጃፍ ቆሞ ይስቅብናል። "ጎማ ሰው ሲሸከም ነው የማውቀው፤ ሰው ጎማ ሲጎትት በእናንተ አየሁ!"

ሌሊሴ ጎማውን እየጎተተች፣ ምንም ሳልጎትት የምሮጠውን እኔን ትቀድመኛለች። ጌዶ ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ጤዛ ተሸክሞ እኛ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን ስንንቀጠቀጥ፣ እሷ ሹራቧን አውልቃ ሜዳውን ሁለቴ ዞራዋለች። ዳር የሚቆሙት ወንዶች መጀመሪያ "ቤታችሁ ግቡ፣ ወጡ ያርራል!" እያሉ ይሰድቡን ነበር። በኋላ ግን ኳስ እሷ እግር ሥር ስትገባ "ፊጊ! ሩጪ! ፊጊ!" እያሉ ከእኛ በላይ የሚጮሁት እነሱ ሆኑ።

ቲቸር ደሬሳ ከልምምድ በፊት ሣሩ ላይ ያስቀምጠንና ይመክረናል። በጊዜ ተኙ፣ ሰውነት የሚጠነክረው ስትተኙ ነው። ሳትሟሟቁ አትሩጡ። በሳምንት አንድ ቀን እረፉ። ቁርስ ሳትበሉ አትምጡ፤ ቆሎም ይሁን፣ እንቁላል ከተገኘ ደግሞ እሰየው። "ውሃ ጠጡ" ይላል፤ "ውሃ ስል ጋዝ ያለውን አይደለም፤ ሆዳችሁ ተነፍቶ ራሳችሁ ኳስ ትሆኑብኛላችሁ!" ሁልጊዜ ያንኑ ቀልድ ነው የሚቀልደው፣ እኛም ሁልጊዜ እንስቃለን። አንድ የማይረሳኝ ንግግር ደግሞ ነበረው፦ "ከልምምድ በኋላ የሚያም እግር፣ ጡንቻ እያወጣ ያለ እግር ነው። ደስ ይበላችሁ።" ክፉ አስቦ አይደለም። እኛም አመንነው።

በዚያ ዓመት አምቦ ላይ ለታዳጊ ሴቶች ፕሮጀክት ምልመላ እንዳለ ተሰማ። የተመረጠች ልጅ ማደሪያ፣ ምግብና ትምህርት ተችሏት ትሠለጥናለች። ለሌሊሴ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበራትም። የደብተሯ ጀርባ ላይ ባለ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ስላ ስሟን ጽፋበት ነበር። ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠው እናታችን የተገኘችውን እንቁላል ለእሷ ብቻ ትቀቅላለች። አልቀናሁም። ከዚያ ቤት አንድ ሰው ወጥቶ የሚታይ ከሆነ እሷ እንደሆነች ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከምልመላው አንድ ወር ተኩል ቀደም ብሎ ጉሮሮዋን አመማት። ምራቅ መዋጥ አቃታት፣ አተኮሳት። ጎረቤታችን አዴ ብርቄ አፏን አስከፍተው አዩና "እንጥሏ ወርዷል፣ አስቆርጧት" አሉ። እንጥል ቆራጭ ጋ ተወስዳ ተቆረጠላት። ደም ተፋች፣ ትኩሳቱም በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። ዳነች ተባለ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ጉልበቷ አበጠ። ሕመሙ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዛሬ ጉልበቷን፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ክርኗን። አባዬ "ጎማው ነው" አለ። እማዬ "ብርድ መቷት ነው" አለች። አዴ ብርቄ "እድገት ነው" አሉ። ሌሊሴ ራሷ ጡንቻ ነው አለች። ቲቸር ደሬሳን "እግሬን ያመኛል" ብትለው "ጎበዝ፣ እየሠራሽ ነው ማለት ነው!" አላት። እብጠቱን ግን አላሳየችውም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሳሻት ቆዳዋ ከእጄ ይበልጥ ይሞቅ ነበር። ዳገት ላይም መቆም ጀመረች። "የጫማዬን ክር ልሰር" እያለች ጎንበስ ትላለች። ክሩ ግን አልተፈታም።

ለምልመላው አሥር ቀን ሲቀረው ቲቸር ደሬሳ ሲስተር ወይንሸት የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሜዳ ድረስ አመጣልን። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ወር አበባ ነገረችን፤ እኛም እየተጎሻሸምን ሳቅን። ከዚያ "ሳቁ ይብቃና አሁን የምነግራችሁን አድምጡ" አለች። "ጉሮሮዋን አሟት፣ ከዚያ ጉልበቷ ወይ ቁርጭምጭሚቷ እያበጠ ሕመሙ የሚዞርባት ልጅ ካለች ብርድ ነው ብላችሁ አትለፏት። እንጥል ማስቆረጥም አያድናትም። ነገሩ ልብ ላይ ይወጣል። ጤና ጣቢያ አምጧት፣ መድኃኒት አለው።" ፊታችንን አንድ በአንድ አየች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። እንዲህ ያጋጠማት አለች? ራሷም ትሁን እህቷ፣ እጇን ታውጣ።"

ሌሊሴ አጠገቤ ነበረች። ፊቷን ሳታዞር በጎን በኩል አንጓዬን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። "ዋ! እንዳትናገሪ" አለች ከከንፈሯ ውስጥ። "ከቡድን ያስወጡኛል። አሥር ቀን ብቻ፣ ሀዊዬ፣ አሥር ቀን።" እኔ ክፍል ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ። ቢሆንም ያልተያዘው እጄ ተነሣ። እስከ ጆሮዬ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ሁሉም ሰው እኔን የሚያይ መሰለኝና ሻሼን አስተካከልኩበት።

ሲስተር ወይንሸት ግን አይታኛለች። ከተበተንን በኋላ ቦኖው ጋ እግሬን ስታጠብ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር ነበር?" አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ።

"የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሻሼ ወልቆ ነው።"

ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሄደች። አስፋልቱን ተሻግራ እስክትጠፋ ድረስ ጀርባዋን አየሁት። ሮጬ ብደርስባት ትቆምልኝ ነበር። ውሃው እግሬ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ።

የምልመላው ዕለት በሚኒባስ እየዘፈንን ወደ አምቦ ወረድን። ሌሊሴ ማስታገሻ ክኒን ውጣ ስለነበር እግሯ ጸጥ ብሎላት ነበር። መጀመሪያ ፍጥነት ታየ። ፊሽካው ሲነፋ እንዴት እንደተነሣች አላየሁም፤ ያየሁት መድረሷን ነው። ሁለተኛዋ ልጅ ስትደርስ እሷ ፊቷን አዙራ ወገቧን ይዛ እየሳቀች ትጠብቃት ነበር። ከዚያ በጨዋታው አንድ ጎል አገባች። ጥቂት ቆይታ ሜዳው መሐል ተንበረከከችና የጫማዋን ክር ነካካች። ከእኔ በቀር ልብ ብሎ ያያት ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ስም ሲጠራ የመጀመሪያው የእሷ ነበር። ቲቸር ደሬሳ እንደ ሕፃን ብድግ አድርጎ አነሣትና "አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?" እያለ እንባው ወረደ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ዛሬም ሳስባት ደስ ትለኛለች፤ ከሁሉ የሚያመኝም እሱ ነው።

የተመረጡት ልጆች ከመግባታቸው በፊት እዚያው አምቦ የጤና ምርመራ ነበረባቸው። ሐኪሙ ማዳመጫውን ሌሊሴ ደረት ላይ አድርጎ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ቆየ። ከፊት አዳመጠ፣ ከጀርባ አዳመጠ፣ በጎኗ አስተኝቶ አዳመጠ። ከዚያ ሌላ ሐኪም ጠራ። እሱም አዳመጠ። "ይህችን ልጅ ጉሮሮዋን፣ መገጣጠሚያዋን አሟት ያውቃል?" ብሎ ቲቸር ደሬሳን ጠየቀው።

"ኧረ ምን ሲደረግ! እሷ እኮ የቡድኑ ጤነኛ ናት" አለ ቲቸር ደሬሳ፣ በኩራት።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። "አሟት ነበር" አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሰው ፊት፣ ለራሴም እንግዳ በሆነብኝ ድምፅ። "ጉሮሮዋን አሟት ነበር። ጉልበቷም አብጦ ነበር። አውቅ ነበር።" ሌሊሴ አልተቆጣችኝም። ስትመረጥ የተሰጣትን ማሊያ በሁለት እጇ እንደያዘች አየችኝ። ከዚያ ማሊያውን እንደ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቀስ አድርጋ አጣጠፈችው።

ልቧ ውስጥ ደም የሚያሳልፉት በሮች ተጎድተዋል አሉን። ሩጫ ክልክል፣ ከባድ ነገር ክልክል፣ በየወሩ መርፌ። ቲቸር ደሬሳ ቤታችን መጥቶ እማዬ ፊት "ጡንቻ ነው ያልኩት እኔ ነኝ" ብሎ አለቀሰ። አዴ ብርቄም "አስቆርጧት ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። አባዬ ጎማውን ከሜዳው አንስቶ ወሰደው። ሁሉም የየራሱን ጥፋት አወጣ። እኔ ግን ቦኖው ጋ ስለተጠየቅሁት ጥያቄ ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ትምህርቴን ተውኩ። ገበያ እማዬን የሚያግዝ፣ ሌሊሴንም ለመርፌዋ የሚያደርስ ሰው ያስፈልግ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። አንድ ቀን መርፌውን የምትወጋትን ነርስ ለብቻዋ አግኝቼ "አሥር ቀን ቀድሞ ቢታወቅ ይለወጥ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት። "ማን ያውቃል፣ የኔ እህት" አለችኝ። አዎ ብትለኝ አለቅስ ነበር፣ አይ ብትለኝ አርፍ ነበር። "ማን ያውቃል"ን ይዤ ቀረሁ።

ዛሬ በዚያው ሜዳ ላይ የሚሮጡት ልጆች ታኬታ ጫማ አላቸው። መሰላሉ እውነተኛ ሆኗል፣ ቢጫ ነው፣ ተጠቅልሎ በቦርሳ ይገባል። ልምምዱንም ከየስልካቸው ራሳቸው ያዩታል። ቲቸር ደሬሳ ሸብቷል፤ የሁሉንም ጉሮሮና ጉልበት አንድ በአንድ ሳይጠይቅ ኳስ መሬት አያስነካም። እኛ ከነበረን ሁሉ የተሻለ ነው። ያኔ ግን፣ በአመዱ መስመር ላይ፣ ሌሊሴ ትሮጥ ነበር።

ባለፈው ከጤና ጣቢያ ስንመለስ ደክሟት ሜዳው ዳር ተቀመጥን። ልጆቹን ብዙ አየቻቸው። ከዚያ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

"ሀዊ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ እውነት ፈጣን ነበርኩ? ወይስ እናንተ ናችሁ ቀርፋፎቹ?"

ልስቅ ፈለግሁ፣ አልወጣልኝም።

"ኧረ ዝም አትበይ! ዝም ካልሽ እኮ አልነበርኩም ማለት ነው።"

"ነበርሽ" አልኩ። "ማንም አይደርስብሽም ነበር።"

"እንዲያ በይ!" አለችና ትከሻዬን ተደግፋ ተነሣች። ዳገቱን ጀመርን። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄድን ቆመች። እኔም ቆምኩ፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኳት።